ያልታሰበ አዳር፦ በመንዝ ደጋ መንገድ የሚወጣ ሰው ምን ይያዝ?



በእግሩ መንገድ የወጣ ሰው ሳያስበው ሜዳ ላይ ሲመሽበት ምን ያድነዋል? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው። ጥያቄው ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው የሩቅ አይደለም። ገበያ ውሎ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ የሚያስቀረው ነጋዴ አለ። የጠፋች በግ ሲከተል ጉም የሚወርድበት እረኛ አለ። ሰንበትን ከወላጆቹ ጋር ውሎ ስንቁን ተሸክሞ ቤት ተከራይቶ ወደሚማርበት ከተማ የሚመለስ ተማሪ አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከአዲስ አበባ ለእግር ጉዞ ወደ ጓሳ የሚመጣው ወጣት በዝቷል፤ እሱ አገሩን አያውቀውም፣ የለበሰውም ለከተማ አየር የሚሆን ልብስ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ማን በደህና እንደሚያነጋ በአብዛኛው የሚወሰነው ጠዋት ከቤት ሲወጡ ነው። ከመሸ በኋላ የሚገዛም የሚዋስም ነገር የለም። ለአንድ ሌሊት የሚበቃው ዕቃ በአንዲት የጀርባ ቦርሳ ይገባል፤ ውኃው ሳይቆጠር ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ከእርጥበት፣ ከነፋስና ከመሬት ቅዝቃዜ የሚከልል ነገር ይያዛል፤ ቀጥሎ ብርሃንና ድምፅ የሚሰጥ፤ ከዚያ የሚበላና የሚጠጣ፤ እሳት በመጨረሻ ይመጣል። የመንዝ እረኛ አለባበስ ይህንኑ ቅደም ተከተል ከጥንት ጀምሮ ሲከተል የኖረ ነው። ከሱቅ የሚገዛው አዲሱ ዕቃም የሚጠቅመው በዚሁ ላይ ሲጨመር ነው።

የደጋ ሌሊት ጠባይ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከጃማ ወንዝ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ መንዝ አምባ የሚወጣ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቀዋል። ቆላው ላይ ላብ ያጠመቀው ሸሚዝ፣ ደጋው ላይ ሲደርስ ከፀሐይ መጥለቅ ጋር የሚቀዘቅዝ እርጥብ ጨርቅ ይሆንበታል። ዝናብ ሳይነካው በራሱ ላብ የራሰ ሰው ዝናብ ከመታው ሰው እምብዛም የተሻለ አይደለም።

የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ በበጋ ወራት ቀን እስከ 21 ዲግሪ የሚደርሰው ሙቀት ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ቀትር ላይ ኮቱን አውልቆ በትከሻው የጣለ ሰው ጎሕ ሲቀድ በ28 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል ማለት ነው። በክረምት ቀኑ 12፣ ሌሊቱ ደግሞ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ሰው «በጋ ስለሆነ ችግር የለም» ብሎ የሚወጣበት ወቅት ውርጩ የሚበረታበት ነው። በክረምት በበኩሉ ብርዱ ቢለዝብም ዝናቡ ስላለ ሥራውን የሚሠራው እርጥበቱ ነው።

ነፋስም አለ። አየሩ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ቢነፍስ፣ የተጋለጠ ቆዳ ብርዱን የሚቀምሰው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ እንደሆነ ያህል ነው። ዛፍ በሌለበት የመንዝ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ነፋስ ብርቅ አይደለም።

ጨለማው ደግሞ ፈጥኖ ይመጣል። በዚህ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ የሚያዘው ዕቃ ሙሉ 12 ሰዓት የማያንቀሳቅስ ሌሊት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። መንገደኛ እየተራመደ ሳለ ሰውነቱ ሙቀት ያመርታል፤ ሲቀመጥ ግን ምርቱ ይቀንሳል፤ ብርዱም የሚበረታው ያኔ ነው።

ብርድ ሰውን የሚጥልበት መንገድ

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። በመጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ሰውነት ሙቀት ለማምረት የሚያደርገው ትግል ስለሆነ መልካም ምልክት ነው። ቀጥሎ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ክብሪት መጫር ያቅተዋል። ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ጠባዩ ይለወጣል። «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ ልተኛ» ማለት ይጀምራል። መንቀጥቀጡ ቀርቶ ሰውየው ከፈዘዘ ነገሩ እጅግ ከፍቷል፤ አንዳንዱ በዚህ ደረጃ ሙቀት የተሰማው መስሎት ልብሱን ያወልቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እጅ ሳይደነዝዝ፣ ሐሳብ ሳይዛባ መልበስ ያስፈልጋል። ደረቅ ሹራብ ቦርሳ ውስጥ እያለ «ትንሽ ልቆይና እለብሰዋለሁ» የሚል ሰው፣ ቆይቶ ቦርሳውን መፍታት ሊያቅተው ይችላል።

አረቄ በብርድ ጊዜ ያሞቃል የሚለው እምነት በደጋው ሁሉ የተለመደ ነው። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው ሙቀት ይሰማዋል፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ እየሸሸ ያለ ሙቀት ነው። መንቀጥቀጡንም ያዳክማል፣ አእምሮንም ያደበዝዛል። ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው አረቄ አይሰጥም። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ይሰጠዋል። በጣም የበረደውን ሰው እጅና እግሩን አጥብቆ ማሸትም ይጎዳዋል፤ እርጥቡን አውልቆ፣ ደረቅ አልብሶ፣ ከሥሩም ከላዩም ሸፍኖ፣ ከጎኑ ተጠግቶ ማሞቅ ይሻላል።

ሯጮቹና እረኛው

ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ በባይዪን ከተማ አቅራቢያ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተካሄደ። 172 ሯጮች ተሰለፉ። አብዛኞቹ ቁምጣና ስስ ልብስ ለብሰው ነበር። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት እንዲይዙ ተመክሯል እንጂ አልተገደዱም። ቀትር ገደማ ተራራው ላይ ሳሉ ነፋስ ተነሣ፤ ዝናብና በረዶ ወረደ፤ ሙቀቱ አሽቆለቆለ። 21 ሯጮች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአገሩ ስመ ጥር የነበረው የረጅም ርቀት ሯጭ ሊያንግ ጂንግ ይገኝበታል። ጉልበትና ልምድ ካዳኑ እሱን ባዳኑት ነበር።

በዚያው ተራራ በጎቹን ያሰማራ አንድ እረኛም ነበር። አየሩ ሲለወጥ ወደሚያውቀው ዋሻ ገባ። በዚያ ዋሻ ለክፉ ቀን ብሎ ልብስና ምግብ ያስቀምጥ ነበር። በመንገዱ ላይ እንደ በረዶ የደረቀ ሯጭ ሲያይ ደግፎ አስገባው፤ እሳት አነደደ፤ ልብሱን አደረቀለት። ሌሎችም ተከተሉ። ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ በድምሩ ስድስት ሰዎች በእሱ እጅ ተረፉ።

እረኛው ከሯጮቹ የሚለየው ምን ነበረው? የአየሩን ጠባይ ያውቃል፤ መጠለያውን አስቀድሞ ያውቃል፤ የማይፈለግ የሚመስል ልብስና ምግብ ቀደም ብሎ አኑሯል። የመንዝ እረኛ ይህን ታሪክ ሲሰማ የጎረቤቱ እንጂ የቻይና ሰው ታሪክ አይመስለውም።

የኢትዮጵያ ደጋም በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አለው። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር ተመራማሪዎች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየው የአንድ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍም የሰሜን ተራሮችን ሲሻገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንዳጋጠመው ይናገራል። የደጋን ብርድ በልብስና በመጠለያ መቋቋም እዚህ አገር አዲስ ሙያ አይደለም።

ከእርጥበት፣ ከነፋስ፣ ከመሬት

የመንዝ እረኛ በዝናብ ቀን ከላይ ከሣር የተሠራ ጌሳ ይደርባል፤ ከሥሩ ከሱፍ የተሠራ በርኖስ ወይም ባና ይለብሳል፤ ሲቀመጥ ደግሞ አጎዛ ያነጥፋል። ጌሳው ዝናቡን ያንሸራትታል፤ ሱፉ የሰውነትን ሙቀት ይይዛል፤ አጎዛው ከመሬት ይለያል። ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም። ከከተማ የሚመጣ ተጓዥ ሦስቱን በሌላ ዕቃ ሊተካ ይችላል፤ ከሦስቱ አንዱን መተው ግን አይችልም።

ከጌሳው እንጀምር። በጣም ርካሹና ቀላሉ ምትክ ሰው የሚያስገባ ትልቅና ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ነው። አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ አለው። ከረጢቱ ይገለበጥና የተዘጋው በኩል ወደ ላይ ይሆናል። ከዚያ ከላይኛው ማዕዘን ትንሽ ወረድ ብሎ ፊት የሚያወጣ ቀዳዳ በቢላ ይቆረጣል፤ ከፊት የሰፋ መሆን የለበትም። ሰውየው ከረጢቱን ከራሱ ላይ ያጠልቅና ፊቱን በቀዳዳው አውጥቶ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይቀመጣል። ዝናቡ በትከሻው ላይ ይፈስሳል፤ ትንፋሹ ወደ ውጭ ይወጣል። ፊትን ሸፍኖ ከረጢት ውስጥ መተኛት ያፍናል፤ ትንፋሹም ውስጡን ያረጥባል። ቀዳዳው ቤት ሳለ ተቆርጦ ቢያድር ይመረጣል፤ በደነዘዘ ጣት ቢላ መያዝ ሌላ አደጋ ነው።

የብር ወረቀት የሚመስለው የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ1964 ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለናሳ ሥራ የተሠራ ቁስ ነው። አሉሚኒየም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረራ መልሶ ወደ ሰውነት ያንጸባርቃል። ተጣጥፎ ኪስ ይገባል፤ ክብደቱም 100 ግራም አይሞላም። ቢሆንም ነፋስ ይቀድደዋል፤ መሬት ላይ ቢነጠፍ ከቅዝቃዜው አይለይም። ከሱፉ በላይ፣ ከፕላስቲኩ በታች ሲደረብ ነው ዋጋ የሚያወጣው። እሱን ብቻ ተማምኖ ጓሳ ላይ የሚያድር ሰው ይጎዳል።

ቀጥሎ ልብስ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተወደደ ልብስ መነሣት አለበት። ጋቢ በቤት ውስጥ፣ በደረቅ ጊዜ፣ የሚተካው የለም። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው አየርም በውኃ ይተካል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ጂንስ ሱሪም እንዲሁ ነው። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣም ቃጫው የተጠቀለለ ስለሆነ በውስጡ አየር ይዞ ይቆያል፤ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል።

የዚህ ሱፍ ምንጭ ደጃፍ ላይ ነው። የመንዝ በግ ብርድና ድርቅ የሚችል፣ ጸጉሩ ሻካራ የሆነ ዝርያ ነው። ሱፉን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይወጣዋል። ከመላው ኢትዮጵያ ጓሳን ሊያይ የሚመጣ ሰው ከውጭ የገባ ውድ ጃኬት ባይኖረው፣ ግማሽ ባና ጠቅልሎ ቦርሳው ላይ ቢያስር በደህና ሊያድር ይችላል። ከዚህ ጋር አንድ ደረቅ የሱፍ ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ጓንት በላስቲክ ተጠቅልለው ይያዛሉ። እነዚህ ቀን አይለበሱም፤ እንደደረቁ ለሌሊት ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ መሬት። ቀዝቃዛ ዐፈር ወይም ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ከላዩ ምን ቢደርብ ሙቀቱ ከሥሩ ይሸሻል። አጎዛ ካለ ይበቃል። ከሌለ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ፣ ለመቀመጫ የሚበቃ ብቻ፣ ከቦርሳው ጀርባ ጋር ይሄዳል። እሱም ከጠፋ ባዶ ማዳበሪያ ይበቃል። በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ጠቅጠቅ ተደርጎ ሲሞላ፣ ሰው ሲቀመጥበት ተጨፍልቆ ቢያንስ አንድ ጭብጥ ውፍረት እስኪቀረው ድረስ፣ ጥሩ መቀመጫ ይሆናል። ሌላ ማዳበሪያ ካለ እግር ይገባበታል። ቦርሳውም ከሥር ይነጠፋል እንጂ ዳር አይቀመጥም።

የሚቀመጡበትን ቦታ መምረጥ ከዕቃው እኩል ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ሥር ይወርዳል፤ ወንዙም በድንገት ሊሞላ ይችላል። ጋራው አናት ላይ ደግሞ ነፋስና መብረቅ አለ። ከሁለቱ መካከል፣ ነፋሱ ከማይመጣበት ጎን፣ ድንጋይ ተደግፎ መቀመጥ ይሻላል። የገደል አፋፍ በጨለማና በጉም አይታይምና ከገደሉ ርቆ መቆየት ግድ ነው።

ብርሃን፣ ድምፅ፣ ስልክ

ባትሪ መያዝ ማለት መንገድ ለመቀጠል አይደለም። የመንዝ ገደል በቀን እንኳ ያስፈራል። ባትሪው መጠለያ ለማየት፣ የተጎዳ ለማሰር፣ ለሚፈልግ ሰው ምልክት ለመስጠት ነው። ግንባር ላይ የሚታሰረው ዓይነት ሁለቱንም እጅ ነጻ ስለሚተው ይመረጣል። የስልክ መብራት እንደ ባትሪ መቆጠር የለበትም፤ ስልኩ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።

ፊሽካ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። «ኡኡ» ብሎ የሚጣራ ሰው ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይጮኻል። በተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ የሚደረግበት የታወቀ ሥርዓት አለ። እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ክሊንተን ዴንት እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረበው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይነፋል፤ በየ10 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል፤ እንደገና ይጀመራል። የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በባትሪም እንዲሁ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። ይህን ሥርዓት ተጓዡ ብቻ ሳይሆን የአገሩ እረኛም ቢያውቀው ነው የሚጠቅመው። ከማዶ ስድስት ጊዜ ሲነፋ የሰማ እረኛ በጅራፉ ሦስት ጊዜ ቢያጮህ፣ ጥሪው መሰማቱን ያደረው ሰው ያውቃል።

ስልክን በተመለከተ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። ብርድ የባትሪ ኃይል ስለሚያዳክም ስልኩ ከውስጥ ልብስ ጋር፣ ከሰውነት አጠገብ ይቀመጥ። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ እየፈለገ ኃይሉን ይጨርሳልና ይዘጋ ወይም በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ይደረግ። ድምፅ በማይገባበት ቦታ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል መልእክት ይላክ፤ በውስጡም የመጨረሻው መንደር ስም፣ የወጡበት አቅጣጫና የተጎዳ ሰው ካለ ይጻፍ። የፖሊስ ስልክ 991፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሮቹ በስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ቢያዙ መልካም ነው።

የሚበላና የሚጠጣ

ገብስ ባለበት አገር ስለ ብርድ ስንቅ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በሶ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ገብሱ ቶሎ ኃይል ይሰጣል። በቅቤ የታሸው ጭኮ ደግሞ ቅቤው ቀስ እያለ ስለሚቃጠል እስከ ንጋት ያቆያል። በጾም ወቅት ዳቦ ቆሎ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ አለ። ሰው ሲርበው መንቀጥቀጥ እንኳ ያቅተዋል፤ መንቀጥቀጥ ነዳጅ ይፈልጋልና። ስለዚህ ምግቡ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ከመተኛት በፊት፣ እኩለ ሌሊት ላይና ጎሕ ሲቀድ ትንሽ ትንሽ ይቀመሳል።

ለአንድ ሌሊት ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ከምንጭ ወይም ከጅረት የተቀዳ ውኃ «ውኃ አጋር» በተባለው የክሎሪን ፈሳሽ ሊታከም ይችላል። ማፍላት ከተቻለ፣ በ3,400 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ አካባቢ ነውና እየተንተከተከ ለሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የሕመም ማስታገሻና ተጓዡ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደው መድኃኒት ካለ አንድ ላይ በላስቲክ ይታሠራሉ። ቁርጭምጭሚቱን የወለመው ሰው ዳገት ለመውጣት ከመታገል ይልቅ አስሮ ማደሩ ይሻለዋል።

እሳት ለምን በመጨረሻ?

ብርድ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሳት ነው። እሳት ያሞቃል፣ ልብ ያረጋጋል፣ ጅብም ያርቃል። ነገር ግን በዝናብና በነፋስ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ በደነዘዘ ጣት እሳት ለማንደድ መሞከር ብዙ ጊዜና ጉልበት ይፈጃል። ልብስና መጠለያ ይዞ የተቀመጠ ሰው እሳቱ ቢነድለት እሰየው፤ ባይነድለትም ያነጋል። እሳትን ብቻ ተማምኖ የወጣ ግን ክብሪቱ ከራሰበት ምንም የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሥፍራው ነው። ጓሳ ሣሩና ጨረንፌ የተባለው ቁጥቋጦ በደንብ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰዎች በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ለማጨድና ለመልቀም በተራ እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲቀር ማኅበረሰቡ በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ጥበቃ ነው። በበጋ በደረቀ የጓሳ ሣር ላይ ያመለጠ ፍም ስንት ዓመት የተጠበቀውን በአንድ ሌሊት ይበላል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት አስፈልጎ ነበር።

ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን እሳት ይነደዳል። ለዚያ ጊዜ በላስቲክ የታሠረ ክብሪት፣ በድንጋይ የሚለኮስ ላይተር፣ የሻማ ቁራጭና ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይያዛል። ቫዝሊን የነካው ጥጥ እርጥበት አይበግረውም፤ ለደቂቃዎች ይነዳል። እሳቱ በባዶ ዐፈር ወይም በድንጋይ ላይ፣ ሣሩ በዙሪያው ተነቅሎ ይነደዳል፤ ጠዋት በውኃና በዐፈር ይጠፋል፤ አመዱ በእጅ ተዳስሶ መቀዝቀዙ ይረጋገጣል።

አሥሩ ዕቃዎችና 11 ሰዓት

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ያለ የተራራ ወጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሥር የግድ የሚያዙ ዕቃዎችን ዝርዝር አዘጋጅቶ አባላቱን ያስተምር ነበር። ካርታ፣ ኮምፓስ፣ መብራት፣ ትርፍ ልብስና ምግብ፣ እሳት ማንደጃ፣ ቢላና የመሳሰሉት ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝርዝሩ ሲሻሻል የአደጋ ጊዜ መጠለያ ተጨመረበት። የመንዝ እረኛ ጌሳውን ቤት ትቶ አይወጣም ነበር፤ የዓለም ተራራ ወጪዎችም ወደዚሁ ደረሱ።

ዕቃው በጊዜ ካልወጣ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። መንገድ የጠፋበት ወይም ወንዝ ያቆመው ሰው 11 ሰዓት ላይ ራሱን ይጠይቅ፦ እስከ 12 ሰዓት ሰው ካለበት እደርሳለሁ? በእርግጠኝነት «አዎ» ካላለ መንገዱን ያቁም። የቀረችው አንድ ሰዓት ብርሃን ላብ ያራሰውን ሸሚዝ ለመለወጥ፣ ሣር ለመሰብሰብ፣ ከነፋስ የሚከልል ድንጋይ ለመፈለግና ለመብላት ትበቃለች። በጨለማ ለመድረስ የሚጣደፍ ሰው ቀኑ የተወለትን ይህን ሰዓት ያባክናል። ብዙዎች አብረው ከሆኑ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ደካማውና ልጁ መካከል ይሆናል፤ ማንም «መንገድ ላጣራ» ብሎ ብቻውን አይሄድም።

ከመውጣት በፊትም አንድ ሥራ አለ። የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ነግሮ የሄደ ሰው ፈላጊ ይኖረዋል። ያልነገረ ግን መጥፋቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ወደ ጓሳ የሚሄድ እንግዳ ከአገሩ መሪ ጋር ቢሄድ መንገዱንም፣ ዋሻውንም፣ ምንጩንም የሚያውቅ ሰው አብሮት አለ።

ከዚህ ንግግር በኋላ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ብዙ ሕይወት ይጠበቃል። የመጀመሪያው የሸማኔዎች ነው፤ ለተጓዥ የሚሆን፣ ቦርሳ ላይ የሚታሰር ግማሽ ባና እየሠሩ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በዘመሮ ገበያ ቢያቀርቡ እንግዳው ከመውጣቱ በፊት ይገዛዋል፤ ለእነሱም ገቢ ይሆናል። ሁለተኛው የትምህርት ቤቶች ነው፤ ስንቅ ለማምጣት ቅዳሜ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ተማሪዎች የስድስቱን ፊሽካ ጥሪና የብርድን ምልክቶች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢለማመዱ አንድ ትምህርት ይበቃቸዋል። ሦስተኛው የወላጆች ነው፤ በልጃቸው ቦርሳ ከመጽሐፉ ሥር ቀዳዳው የተቆረጠ ትልቅ ላስቲክ፣ በማንገቻው ላይ የታሰረ ፊሽካ፣ ትንሽ ባትሪ፣ አንድ ደረቅ ካልሲና አንድ እፍኝ በሶ ቢጨምሩ። የባትሪው ድንጋይ በየወሩ መጀመሪያ ይፈተሽ፤ በሶው ይታደስ፤ ውርጩ ከመግባቱ በፊት በጥቅምት መጨረሻ ሁሉም አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ይታይ።